ያየነውና የሰማነው፤ ስለ ተማረው ወጣት በተጻፉ ሦስት መጻሕፍት ላይ የቀረበ አስተያየት

ሰው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ከያዘ በኋላ የሚያሳልፋቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት፥ በኋላ ዘመኑ ዘወር ብሎ ሲመለከት ከሌሎቹ ይልቅ ጐልተው የሚታዩት ናቸው። በልጅነቱ ላደረገው ሁሉ ወላጆቹና መምህራኑ ተካፋዮች ናቸው፤ በጐልማሳነቱ የሚያደርገውንም ልማድ ያግዘዋል። በእነዚያ ዓመታት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ስሙ ይፈርማል፤ በገዛ እጁ ደመወዝ ይቀበላል፤ በእናቱ ቤት ሳለ ማንም ሳይጠይቀው ይዞት የኖረውን ሃይማኖት፥ ከቤቱ ርቆ ብቻውን በሆነ ጊዜ ወይ አጥብቆ ይይዘዋል፥ ወይ ይተወዋል። ስለዚህ የሰውን ሥራና እምነት ለመመርመር የሚወድ ሁሉ ምርመራውን ከዚህ ዕድሜ ቢጀምር አይሳሳትም።

የአማርኛ ልብ ወለድ ድርሰትም ይህን ዕድሜ ሳይመለከተው አላለፈም። ዛሬ ስለ ሦስት መጻሕፍት ለመናገር አስበናል። የመጀመሪያው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» ነው። ሁለተኛው የደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ሲሆን በ1941 ዓ.ም. ታተመ። ሦስተኛው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 37 ዓመት ይቈጠራል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አገራችን በጠላት ተወርራ ነጻ ወጥታለች፤ ዩኒቨርሲቲ ከፍታለች፤ የተማሪዎቿም ድምፅ በአደባባይ ተሰምቷል። የሦስቱ መጻሕፍት ዋና ሰው ግን አንድ ዐይነት ነው። እርሱም ተምሮ የመጣ፥ የሚሠራውን የሚፈልግ፥ ከአባቶቹ እምነትና ልማድ ጋራ ገና ሒሳቡን ያላወራረደ ወጣት ነው።

እነዚህ መጻሕፍት በደጋው ሰው ስለ ደጋው ሰው የተጻፉ ናቸው። እኛ ግን መላልሰን ያነበብናቸው በቆላ፥ በአፋር ምድር፥ በሰመራ ከተማ ተቀምጠን ነው። መጽሐፍ የሚነበብበት ቦታ የመጽሐፉን ቃል አይለውጥም፤ አንባቢው የሚጠይቀውን ጥያቄ ግን ይለውጣል። በዚህ አገር የተማርነው አንድ ጥያቄ ስለ ነበረ፥ መጻሕፍቱንም ያንኑ ጥያቄ ጠየቅናቸው። ጥያቄው ምን እንደ ሆነ በስፍራው እንናገራለን፤ አስቀድመን ግን ስለ መጻሕፍቱ ጥቂት ማለት ይገባናል።

በመጀመሪያ የሦስቱን ወጣቶች ስም እንመልከት። የኅሩይ ወጣት አወቀ ይባላል፤ የግርማቸው አርአያ፤ የዳኛቸው አደፍርስ። ስም ያወጡት ደራስያኑ ናቸውና በስሙ ውስጥ ፍርዳቸው አለበት። በ1925 ዓ.ም. የተማረ ሰው ያወቀ ነው። በ1941 ዓ.ም. ለሌላው ምሳሌ የሚሆን ነው። በ1962 ዓ.ም. ግን የጠራውን ውኃ የሚያደፈርስ ሆኖ ተገኘ። በ37 ዓመት ውስጥ አገሪቱ በተማረው ልጇ ላይ የነበራት እምነት እንዴት እንደ ወረደ ለማወቅ የሚሻ፥ ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልገው ከእነዚህ ሦስት ስሞች ሊረዳው ይችላል።

«አዲስ ዓለም» አጭርና ግልጽ መጽሐፍ ነው። አወቀ የተጉለት ልጅ ነው፤ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ይማራል፤ ተመልሶም ከዘመዶቹና ካገሩ ካህናት ጋራ ስለ ለቅሶ፥ ስለ ተዝካር፥ ስለ ሰርግ ይከራከራል። ክርክሩ የሃይማኖትን መሠረት የሚነካ አይደለም። አወቀ የሚቃወመው በሃይማኖት ስም የገባውን ድግስና ወጪ፥ ሰውንም የሚያደኸየውን ልማድ ነው። በመጨረሻም ጉባኤ ይሰበሰባል፤ ነገሩም ይስተካከላል። ብላቴን ጌታ በዚህ መጽሐፍ መካሪ እንጂ ተራኪ ብቻ አይደሉም፤ ሊሆን የሚገባውን ይነግሩናል። ንግግራቸው የለዘበ፥ ፍርዳቸው ሚዛናዊ ስለ ሆነ ዛሬም ያነበባቸው ሰው አይቈጭም። ነገር ግን መጽሐፉ ዐይኑን የሚጥለው አወቀ በሚናገረው ላይ ነው። አወቀ ጠዋት ተነሥቶ የት እንደሚውል፥ በትምህርቱ ምን እንደሚሠራበት፥ በሥራውም አንዳች ነገር ቢበላሽበት ማን እንደሚጠይቀው አንባቢው በልቡ አይቀረጽም። እምነቱን ሲከራከርበት አየነው፤ ሲሠራበት አላየነውም።

«አርአያ» ከዚህ ይለያል። አርአያ በፈረንሳይ አገር የእርሻ ትምህርት ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። የእርሻ ትምህርት መምረጡ ብቻ እንኳ የደራሲውን ማስተዋል ያሳያል፤ አገሪቱ በገበሬ የምትኖር ናትና ያገሩን ፍቅር ከአፈሩ ጀመረ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ትምህርቱን የሚያውልበት ሥራ እንዳሰበው አይገኝለትም፤ ቀጥሎም ጦርነት ይመጣል። የተማረ ሰው ሥራ ሲያጣ የሚሰማውን ቅሬታ በአማርኛ ልብ ወለድ አስቀድመው ካሳዩት መጻሕፍት አንዱ ይህ ነው። አርአያ መሥራት የሚፈልግ፥ ያገሩ ነገር የሚቈረቍረው ሰው ነው፤ እኛም ስናነብ እንወደዋለን። ደግሞም ስሙ ሸክም ሆኖበታል። ምሳሌ እንዲሆን የተፈጠረ ሰው በሥራው ሊሳሳት አይፈቀድለትም። በዙሪያው ያለው ያገሩ ነገር ይጐድላል፤ እርሱ ግን አይጐድልም። በአወቀ ዘንድ ሥራው እንዳልታየን ሁሉ፥ በአርአያ ዘንድ የኅሊናው ወቀሳ እምብዛም አይሰማንም።

«አደፍርስ» ከሦስቱ ረቂቁና አስቸጋሪው ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ አብዛኛዎቹም ያስተምሩ ነበር። አደፍርስም በዚህ አገልግሎት ወደ ደብረ ሲና አካባቢ የሄደ ወጣት ነው። እዚያም ባለ ርስቶቹን፥ ካህናቱን፥ ጭሰኞቹን ያገኛል፤ ስለ ፍቅር፥ ስለ መሬት፥ ስለ እግዚአብሔር ሳይታክት ይከራከራል። መጨረሻውም በተማሪዎች ሁከት መካከል ሕይወቱን ማጣት ነው። ብዙ አንባብያን በመጽሐፉ አማርኛ ያጕረመርማሉ። በእኛ አስተያየት ግን የመጽሐፉ ታላቅነት ያለው እዚያው ላይ ነው። ዳኛቸው የይፋትንና የደብረ ሲናን ሰው አነጋገር፥ ተረቱን፥ እርግማኑን፥ ጸሎቱን ቁጭ ብሎ የሰማ ደራሲ ነው። ደራሲው ያዳምጣል፤ ወጣቱ ግን አያዳምጥም። አደፍርስ በሄደበት ሁሉ ካየው ነገር ይልቅ ያነበበውን ይናገራል፤ ያስተማራቸው ልጆች ምን እንደ ተማሩም ብዙ አናውቅም። ዳኛቸው ይህን ጉድለት ሳያውቅ የተወው አይመስለንም፤ ሆን ብሎ አሳይቶናል ብለን እናምናለን። ስለዚህ ከሦስቱ መጻሕፍት ለእውነት የሚቀርበው ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ቆላው ጥያቄ እንመለስ። በአወቀና በአርአያ ዘመን ከአውሮፓ ተምሮ የሚመለስ ሰው በጂቡቲ ከመርከብ ወርዶ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ይወጣ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከድሬዳዋ በኋላ ከታወቁት ጣቢያዎች አንዱ አዋሽ ነበረ። መንገደኛው በዚያ ወርዶ ምሳውን ይበላል፤ ባቡሩም በድልድዩ ላይ የአዋሽን ገደል ይሻገራል። ስለዚህ የተማረው ወጣት በመስኮት ካያቸው የመጀመሪያዎቹ ያገሩ ሰዎች መካከል የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች ይገኛሉ። ግመላቸውን ይዘው ሐዲዱ ዳር ቆመው ያዩታል፤ እርሱም ያያቸዋል፤ ባቡሩ ያልፋል። የዚያ ዘመን ድርሰት ከዚህ ሐዲድ ዳር ወርዶ ብዙ አልቈየም። አሮጌው ባቡር ዛሬ ቀርቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በአዋሽ በኩል ያልፋል። መስኮቱ ግን ያው መስኮት ነው።

አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይላሉ፤ አንዱም የመጣበትን አገር ነገር ይናገራል። ዝናቡ የት ዘነበ፤ ግጦሹ የት አለ፤ ውኃው ደረቀ ወይስ አልደረቀም፤ ማን ታመመ፤ ማን ሞተ፤ የማን ግመል ጠፋ፤ ሰላም ነው ወይ? ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፤ ተራውም ሲደርስ ይናገራል። ሁለቱም ተለያይተው ሲሄዱ ለሚያገኙት ሰው የሰሙትን የማድረስ ግዴታ አለባቸው። የዚህ ልማድ ዋና ሕግ ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን ከሌላ ሰው ከሰማው ለይቶ መናገሩ ነው። አየሁ ብሎ ያላየውን የተናገረ ሰው በጎሣው ፊት ይዋረዳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በዚያ ቃል ላይ ተማምኖ መንጋውን የሚነዳ አባወራ አለ፤ ቃሉ ሐሰት ከሆነ ውኃ የሌለበት ስፍራ ይደርሳል፤ ከብቶቹም ልጆቹም ይጠፋሉ።

በደጋው አገር «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል። ይህ ጥሩ ምክር ነው፤ ነገር ግን ሸክሙን የሚጥለው በሰሚው ላይ ነው። ዳጉ ሸክሙን በተናጋሪው ላይ ይጥላል። እኛ ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ አልተማርነውም። የተማርነው ራሳችን በሠራነው ጥፋት ስለ ሆነ፥ ከመጻሕፍቱ ጋራ የሚያገናኘው ነገር አለና ለአንባቢዎቻችን እንነግራለን።

ኮሌጅ ጨርሰን ሥራ ለመያዝ ወደ ሰመራ የወረድነው በ2007 ዓ.ም. ነው። ሰመራ ያን ጊዜ ገና በመሠራት ላይ ያለች ከተማ ነበረች። የክልሉ መቀመጫ ቀድሞ አሳይታ ነበረችና፥ ሰመራ በሎግያ አጠገብ በጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ የተተከለች የመሥሪያ ቤት ከተማ ናት። ወደ ጂቡቲ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች ሌሊትና ቀን ይመላለሳሉ። ቀን ሙቀቱ እስክሪብቶ ከእጅ ያሾልካል፤ ማታ ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ደጅ አውጥቶ በሰማይ ሥር ይተኛል። እኛም ማዕተባችንን በአንገታችን አስረን፥ ዲፕሎማችንን በሻንጣችን ይዘን፥ ከሁለት የሥራ ጓደኞቻችን ጋራ አንድ ቤት ተከራይተን ተቀመጥን። አንዱ ጓደኛችን እስላም ነበረ። በረመዳን እኛ ፊቱ ውኃ አንጠጣም፤ በዐቢይ ጾም እርሱ ከእኛ ጋራ ሽሮ ይበላል። በዚህም እጅግ እንደሰት ነበር፤ ሃይማኖታችንን በሰው አገር ጠብቀን፥ የሌላውንም አክብረን መኖራችን በቂ መስሎ ይታየን ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ሆነ። አፋርም በጽኑ ከተጐዱት አገሮች አንዱ ነበረ። እኛ በምንሠራበት መሥሪያ ቤት የየመንደሩን የውኃ ችግር የሚገልጽ ሪፖርት ይዘጋጅ ነበርና፥ ያን ሪፖርት የመጻፍ ተራ ደረሰን። መኪና አልነበረም፤ ጊዜውም አጭር ነበር። ስለ አንድ ሰፈር ከወረዳ በስልክ የነገሩንን ተቀብለን፥ ሄደን በዐይናችን እንደ ተመለከትን አድርገን ጻፍን። «በተደረገው ምልከታ መሠረት» የሚል ቃል ከላይ አኖርን፤ ከታች ፈረምን። ወረቀቱ ያማረ ነበር፤ ምስጋናም አገኘንበት። የውኃ ቦቴም በዚያ ሪፖርት መሠረት ወደ ሰፈሩ ሄደ። ሰዎቹ ግን ከቀናት በፊት መንጋቸውን ነድተው ወደ ሌላ ስፍራ ተሻግረው ነበር። ሾፌሩ ባዶ ሰፈር አግኝቶ ተመለሰ። ውኃው እውነተኛ ስፍራቸው እስኪደርስ ሁለት ቀን አለፈ፤ በዚያ ሁለት ቀን ስንት ፍየል እንደ ሞተ እኛ አልቈጠርንም፤ ባለቤቶቹ ግን ያውቁታል።

የግቢው ዘበኛ ዕድሜያቸው የገፋ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ወሬው በዳጉ ከእኛ ቀድሞ ደርሷቸዋል። አንድ ማታ በበሩ ስንወጣ ጠሩንና፥ «አንተ ልጅ፥ ስለዚያ ሰፈር የጻፍከው ያየኸውን ነው ወይስ የሰማኸውን?» አሉ። «በስልክ የሰማነውን ነው፥ አባቴ» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ታዲያ ለምን ሰማሁ አላልክም?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቍጣ ቢሆን ኖሮ መልስ እናዘጋጅ ነበር፤ ጥያቄው ግን መልስ የሚገኝለት አልነበረም።

ያ ጊዜ የዐቢይ ጾም ወራት ነበረ። እኛም ጾመን፥ ቤተ ክርስቲያን ስመን፥ ለንስሐ አባታችን ኃጢአታችንን በስልክ ተናዝዘን ነበር። የተናዘዝነውም በሙቀቱ ምክንያት ጾም መግደፋችንን፥ ጸሎት ማጓደላችንን፥ በጓደኛ ላይ መቈጣታችንን ነው። ሪፖርቱ ከኑዛዜው ውስጥ አልነበረም። በሐሰት መመስከር የተከለከለ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሐሰተኛ ምስክር ስንል በዳኛ ፊት ቆሞ የሚምል ሰው እንጂ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚፈርም ሠራተኛ አይታየንም ነበር። ሃይማኖታችን በአንገታችን፥ ሥራችን በእጃችን ሆኖ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ኖረዋል። ያስተዋወቋቸው የሌላ ሃይማኖት ሰው የሆኑት ሽማግሌ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሦስቱን መጻሕፍት እንደ ገና ባነበብናቸው ጊዜ የጐደላቸው ነገር ቁልጭ ብሎ ታየን። አወቀ ስለ ተዝካር ይከራከራል፤ አርአያ ያገሩን አፈር ለማልማት ይመኛል፤ አደፍርስ ስለ ፍትሕና ስለ ፈጣሪ ይሟገታል። ሦስቱም ስለ ታላላቅ ነገሮች ነው የሚናገሩት። አንዳቸውም ግን በአንድ ተራ ቀን፥ በአንድ ተራ ወረቀት ላይ፥ እውነት ወይም ሐሰት ለመጻፍ ሲያመነቱ አይታዩንም። የተማረ ሰው ደግሞ ከአባቱ የሚለየው በዚህ ነው። አባቱ በሬውን ቢያጐድል የሚራበው ራሱ ነው፤ የተማረው ልጅ ቃሉን ቢያጐድል የሚራበው ያላየው ሰው ነው። ሃይማኖት ከተማረው ሰው ሥራ ጋራ የሚገናኝበት ቦታ ቢኖር ይኸው ነው፤ ድርሰታችንም ወደዚህ ቦታ ገና በሚገባ አልገባም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን የምንለው ለአንድ ሪፖርት ብቻ ብለን አይደለም። የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ነገር ይዟል። በ1953 ዓ.ም. የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተቋቋመ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተባለ መሥሪያ ቤት ተከፈተ፤ ጥቂት ቈይቶም በወረር የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዘመን ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በየዓመቱ ወጣቶች ይመረቁ ነበር። አርአያ በ1941 ዓ.ም. በመጽሐፍ ውስጥ ያጣውን ሥራ፥ ታናናሽ ወንድሞቹ ከሃያ ዓመት በኋላ በአዋሽ ዳር አገኙት። መሬት ለኩ፤ ቦይ ቀደዱ፤ ጥጥ አበቀሉ። ሥራቸውም የሚያኰራ ነበር፤ ጥጡ ለፋብሪካ ደረሰ፤ ብዙ ሰውም እንጀራ በላበት።

ነገር ግን እርሻው የተዘረጋው ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። በወንዙ ዳር ያለው ለምለም ሜዳ፥ አፋሮች በበጋ ሌላው ምድር ሁሉ ሲደርቅ መንጋቸውን የሚያወርዱበት መሸሸጊያ ነበረ። ዝናብ ሲኖር የመሬቱ መወሰድ ብዙም አልታወቀም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ዝናቡ በቀረ ጊዜ ግን መንጋው ወደ ወንዙ ሲወርድ መንገዱን እርሻ ዘግቶት ተገኘ። ያ ድርቅ በአፋር ላይ ያደረሰው ጥፋት እንዲበረታ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑን ነገሩን የመረመሩ ሁሉ ይናገራሉ። ከዚህ ቀጥሎ በ1967 ዓ.ም. 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲላኩ፥ ሌላ ትውልድ ደግሞ በሌላ ቃል ያንኑ ሕዝብ ለማስተማር ወረደ።

እንግዲህ ያ መሬት የለካ የዓለማያ ምሩቅ፥ በመለኪያው ሰነድ ላይ «ሰው ያልሰፈረበት» ብሎ ጽፎ እንደ ሆነ፥ ይህን ያየው ነው ወይስ የሰማው? እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ ሰኞ ካርታውን ሲዘረጋ ምን ያስብ ነበር? በ1966 ዓ.ም. በቦዩ ማዶ የቆሙትን ከብቶች ባየ ጊዜስ? ክፉ ሰው ነበረ ለማለት አይደለም። አርአያን የመሰለ ያገር ፍቅር ያለው፥ በሙቀትና በወባ መካከል የደከመ ሰው እንደ ነበረ እንገምታለን። መጽሐፍ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ክፉ ሰው ክፉ ሲሠራ ለማሳየት ብዙ ድርሰት አለን፤ ደግ ሰው ሳያይ ፈርሞ ክፉ ሲደርስ ማሳየት ግን የታላቅ ደራሲ ሥራ ነው። የ«አርአያ» ሁለተኛ ክፍል ቢጻፍ ኖሮ በተንዳሆ ወይም በወረር በተጀመረ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ምናልባት ልብ ወለድ ሪፖርት አይደለም፥ ደራሲም የዳጉ ሕግ አያስረውም ብለው ይቃወሙን ይሆናል። እውነት ነው፤ ደራሲ ያልነበረ ሰውን ይፈጥራል፥ ያልተነገረ ቃልንም ያናግራል። ይሁን እንጂ መፍጠርና ሳያዩ አየሁ ማለት አንድ አይደሉም። ዳኛቸው ወርቁ አደፍርስን ፈጠረው፤ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች አነጋገር ግን ከሌላ መጽሐፍ አልቀዳም፤ በጆሮው ሰምቶ ጻፈው። ስለዚህ አደፍርስ የሚባል ሰው ባይኖርም መጽሐፉ ሐሰት አይደለም። ሐሰት የሚሆነው የአንድን አገር ሰው ሳያውቁ ከሌሎች በሰሙት ወሬ ሥዕሉን ሲሥሉት ነው። ስለ ቆላው አገርና ስለ አርብቶ አደሩ በደጋ ሰዎች ከተጻፈው መካከል ይህ ጉድለት የሚታይበት ጥቂት አይደለም።

እውነቱን ሳይሸፋፍን ወደ ኋላ የሚመለከት ጽሑፍ በአማርኛ ፈጽሞ የለም ማለታችንም አይደለም። የደራሲው የግርማቸው አባት፥ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የተመለሱ፥ ከአዋሽ ወጣ ብሎ ባለው በጨርጨር አሰበ ተፈሪን የቈረቈሩ፥ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ረቂቅ ያዘጋጁ ሰው ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሲታተም፥ አንባቢ ስለ ሰዎችም ስለ ራሳቸውም ሳይለሳልሱ የሚናገሩ ሽማግሌ አገኘ። ልጁ በልብ ወለድ ምሳሌ የሚሆን ወጣት ሣሉ፤ አባቱ በትዝታቸው የተማረ ሰው ባገሩ ምን እንደሚገጥመው በራሳቸው ሕይወት ተረኩ። እኛ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ስናነብ የአባትየው ይበልጥ ያሳምነናል። ምክንያቱም ተራኪው ያየሁት ይህ ነው ብሎ ይቆማል፤ አንባቢም ቢሳሳቱ እንኳ የሚይዘው ሰው ያገኛል።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በሰመራ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከዚያ የሚመረቁት ወጣቶች፥ የአፋር ልጆችም ሆኑ ከሌላ ክፍል የመጡ፥ እንደ አወቀ ባሕር መሻገር አላስፈለጋቸውም። ከመካከላቸው ዳጉን ከእናቱ ጡት ጋራ የጠባ፥ አማርኛንም በትምህርት ቤት የተማረ ሰው አይጠፋም። ይህ ወጣት አንድ ቀን የመጀመሪያ የሥራ ዘመኑን ታሪክ ቢጽፍ፥ እኛ ከሌላ ሰው ጥያቄ የተማርነውን እርሱ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። ለእርሱ የምንመክረው ጥቂት ነው። ጀግናህን አወቀ ብለህ አትሰይመው፥ አርአያም አትበለው፤ ተራ ስም ስጠው። ከተሰበሰበው ሸንጎ ይልቅ ጠረጴዛው ፊት አስቀምጠው። ሲጸልይ ብቻ ሳይሆን ሲፈርም አሳየን። ከተሳሳተም አትሸፍነው፤ ስሕተቱ ለማን እንደ ደረሰ እስከ መጨረሻው ተከተለው።

ከሽማግሌው ጥያቄ በኋላ እኛ የምንጽፈው ሪፖርት ሁለት ክፍል ሆነ፤ «የታየ» እና «የተሰማ» የሚል። የበላዮቻችን መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ወረቀቱ ደካማ ይመስላል አሉ። እውነትም ነው፤ የታየው ክፍል ብዙ ጊዜ አጭር ነበረ። በእምነታችንም ቢሆን ከዚያ ወዲህ የጨመርነው ጾም ወይም ስግደት የለም። ለንስሐ አባታችን የምንናገረው ነገር ግን ተለውጧል።

ስለዚህ ይህንንም ጽሑፍ በዚያው ሕግ መዝጋት ይገባናል። ሦስቱን መጻሕፍት አንብበናልና ስለ እነርሱ ያልነው ያየነው ነው፤ ፍርዱ ግን የእኛ ብቻ ስለ ሆነ የሚያርመን ቢገኝ በደስታ እንቀበላለን። ስለ ተንዳሆና ስለ ቀድሞው ድርቅ የተናገርነው የሰማነውና ሌሎች ከጻፉት ያገኘነው ነው። ስለ ውኃው ቦቴ የተናገርነው ግን ያየነውም የሰማነውም አይደለም፤ የሠራነው ነው።